መንገዱን ተሸክሞ የገባው

«በመንገዷ ወጣሁ፣ በመንገዷ ወረድኩ፣ መንገዷን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ።»

መሰላል ነው። ከአየርላንድ ገጠር እንቆቅልሾች አንዱን ምረጥ ብባል ይህን አልለቅም። መንገድ የተባለችው «ቦሪን» ናት፤ በአየርላንድ ምዕራብ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኟ በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ ጋሪ እንደ ነገሩ የምታሳልፍ ጠባብ መንገድ። ሰሚው ያቺን መንገድ በሐሳቡ ይዞ ይወጣል፣ ይወርዳል። መሸከሙ ላይ ሲደርስ ግን ይጠፋበታል። ጠያቂው «ወጣሁ» የሚለውን ካጠበቀው ጨዋታው ተበላሸ፤ ሰሚው ሽቅብ ማሰብ ይጀምርና መሰላሉ ከተፍ ይላል። ሁለቱን ሐረግ እንደ ተራ ወሬ ማለፍ፣ ሦስተኛው ላይ ረገብ ማለት ነው።

የላሟ ደግሞ በቅደም ተከተል ትኖራለች፦ «አራት ይንጠለጠላሉ፣ አራት ይራመዳሉ፣ ሁለት መንገድ ያሳያሉ፣ አንዱ ከኋላ ይከተላል።» ጡቶቿ፣ እግሮቿ፣ ቀንዶቿ (ዓይኖቿ የሚሉም አሉ)፣ ጭራዋ። እግሮቹን ያስቀደመ ሰው እንስሳ መሆኑን አስቀድሞ አወጣው። ይህችን ብዙ የአውሮፓ አገር ያውቃታል፤ የአየርላንድ ብቻ ናት ማለት ያስቸግራል።

የእኔ ሚዛን፣ መልሱ እዚያው ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳይታይ ሲቀር ነው ጥሩ የሚባለው። የብርድ ወራት ምሽት፣ ምድጃው ላይ ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ አፈር ይነዳል፤ «ቤት ሙሉ፣ ቀዳዳ ሙሉ፣ አንድ ገበቴ ግን አይዘገንም» ይባላል። ጢሱ የሰሚውን ዓይን እያቃጠለው መልሱን ይፈልጋል! «እራፊ በእራፊ ላይ፣ ስፌት የሌለው» ጥቅል ጎመን ነው። «በቆመች ቁጥር የምታጥር» ሻማ።

እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 ወደ 5,000 በሚጠጉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በአብዛኛው ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ልጆች ከወላጆቻቸው፣ ከአያቶቻቸውና ከጎረቤት እየጠየቁ የቃል ቅርሱን በደብተር ጽፈዋል። ሥራው የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን ነበር፤ ስብስቡ ዛሬ ደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይገኛል። እንቆቅልሾቹ ብዙ ጊዜ ጥያቄና መልስ ብቻ ሆነው ተደርድረዋል፤ የቱ ላይ ዝም እንደሚባል ደብተሩ አይናገርም። ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

በተለይ ይህችን፦ «አጎቴን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ አንገቱን ቆርጬ ደሙን ጠጣሁ፣ ሬሳውን ትቼ ሄድኩ።» የውስኪ ጠርሙስ። የሚያስፈራ ድምፅ ከተጨመረባት ቀልድ መሆኗ ቀድሞ ይነቃል፤ የገበያ ወሬ በሚወራበት ድምፅ ነው የምትነገረው።