በውስጥም በውጭም በቅጥራን፦ የፖርት ታውንሰንድ ውሎ

ቀድሞ የተቀበለን ሽታው ነበር። መኪናችንን አቁመን ወደ ወደቡ ስንወርድ፣ ገና አንድም ጀልባ ሳናይ፣ ከባሕሩ ጨው ጋር የተደባለቀ የቅጥራን ሽታ አፍንጫችንን ሞላው። ልጄ «አባዬ፣ ምንድነው የሚሸተው?» አለችኝ። «ኖኅ መርከቡን በውስጥም በውጭም የለቀለቀበት ነው» አልኳት። የምሬን ነው። ከጥድ እንጨት በእሳት የሚወጣው ያ ጥቁር ቅባት እዚህ አገር ዛሬም የእንጨት ጀልባ ይቀባበታል።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ከሲያትል መሃል ከተማ መኪናችንን ፌሪ ላይ ጭነን እስከ ቤንብሪጅ ደሴት 35 ደቂቃ፣ ከዚያ በየብስ አንድ ሰዓት ያህል ነድተን ነው ፖርት ታውንሰንድ የደረስነው። በዚህች ትንሽ የወደብ ከተማ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1977 ጀምሮ የእንጨት ጀልባዎች በዓል ይከበራል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።) በዓሉ መስከረም ሊጠባ ሲል ስለሚውል፣ አበሻው ለእንቁጣጣሽ ዶሮና ቅቤ ሲሸምት እኛ ጀልባ ልናይ ወጣን።

የሄድኩት ግን ለማየት ብቻ አልነበረም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሟች አባቱን ጀልባ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር፤ ያውም በነፃ። 28 ጫማ ርዝመት ያላት፣ በ1950ዎቹ የተሠራች፣ ሰውነቷ ሬድ ሲዳር የሚባል እንጨት፣ ጎድኗ ኦክ የሆነች ጀልባ ናት። ኦክ በመጽሐፍ ቅዱሳችን «ባሉጥ» የሚባለው ዛፍ ነው። አባቴ ባሕር ዳር አናጺ ነበር። ያደግኩት መላጊያ የሚጥለውን ፍቅፋቂ በእግሬ እየረገጥኩ ነው። ፎቶዋን ሳይ የሳንቃዎቹ አገጣጠም ዓይኔን ያዘው፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ አንድም ቀጥ ያለ መስመር የላትም፤ ሁሉም እየጎበጠ ሄዶ አንድ ቦታ ይገናኛል። አባቴ ቢያያት በእጁ ይዳብሳት ነበር።

ጀልባዋ ከበዓሉ ቦታ ራቅ ብሎ ባለው የጥገና ሠፈር፣ በድጋፍ እንጨት ላይ ቆማ፣ ሸራ ለብሳ ነበር። ያ ሠፈር ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው። 300 ቶን ድረስ ከውሃ የሚያወጣ ባለ ጎማ ማንሻ አለው፤ የዓሣ አጥማጁም፣ የሀብታሙም፣ የጡረተኛውም ጀልባ ጎን ለጎን ተሰድሮ ተራውን ይጠብቃል። ባልደረባዬ አንድ ሽማግሌ የጀልባ ባለሙያ ይዞልኝ መጣ። ሰውየው ትንሽ መዶሻና ወስፌ የመሰለ ሹል ብረት ይዘዋል። ከአፍንጫዋ ጀምረው ሳንቃውን ሳንቃውን ቀስ እያሉ እያንኳኩ ሄዱ። ደህናው እንጨት እንደ ከበሮ ጥርት ብሎ ይመልሳል። ወደ ኋላዋ፣ ወደ ላይኛው ወለል ጥግ ሲደርሱ ድምፁ ሞተ፤ የራሰ ካርቶን የመታ ያህል ነበር። ወስፌውን አስጠጉት። ምንም ሳይገፉት እስከ እጀታው ገባ።

«ባሕሩ አይደለም የጎዳት» አሉኝ። «ዝናቡ ነው።»

ይህን አላውቅም ነበር። የጨው ውሃ እንጨቱን ያቆያል እንጂ አያበሰብስም። የሚያበሰብሰው ሻጋታ የሚወደው ጨው የሌለበት ውሃ ነው፤ ከላይ በወለሉ ስንጥቅ ሰርጎ፣ ነፋስ በማያገኘው ጥግ ተኝቶ የሚከርም የዝናብ ውሃ። ባሕሩም ቢሆን የራሱ ጠላት አለው። የመርከብ ትል ይሉታል እንጂ ዘመዱ ባለ ሁለት ዛጎል ከሆኑት የባሕር ፍጥረታት ወገን ነው፤ ቀለም ያልተቀባ እንጨት ካገኘ ከውስጥ እየቦረቦረ ወንፊት ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሲያትልና አካባቢው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ዝናብ የማይለየው አገር ነው።

ዋጋውን ጠየቅኳቸው። ወዲያው ቁጥር አልጠሩልኝም፤ ሥራውን ነው የዘረዘሩልኝ። አንድ የበሰበሰ ሳንቃ ስትነቅል ከኋላው ያለውን ጎድን ተሰንጥቆ ታገኘዋለህ። ጎድኑን ለመቀየር ሌሎች ሦስት ደህና ሳንቃዎች መነሳት አለባቸው። የያዛቸው ብሎን ዝጎ እንጨቱን በልቶታል፤ ስለዚህ በነሐስ ይተካ፣ ነሐሱ ደግሞ ከብረቱ ብዙ እጥፍ ውድ ነው። ሳንቃው እንደ ልብ አይገኝም፤ ቋጠሮ የሌለው፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ከትልቅ ዛፍ የወጣ፣ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ የደረቀ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ግን የሰው ጊዜ ነው። በዚህ አገር የአንድ ባለሙያ አንድ ሰዓት ከመቶ ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ይቺ ጀልባ የምትጠይቀው ሰዓት ደግሞ በሺህ ይቆጠራል። ከዚህ በኋላ ድምሩን ነገሩኝ። ከዓመት ደመወዜ በለጠ። በዚያ ላይ የማቆሚያ ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ በየዓመቱ ከውሃ ወጥታ መቀባት አለ።

ልጄ ክንዴን ይዛ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

ሽማግሌው ዝምታችንን አይተው ነው መሰለኝ ወደሚቀጥለው ዳስ ወሰዱን። እዚያ ሁለት ወጣቶች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ረጅም ሳጥን ውስጥ እንጨት በእንፋሎት ይቀቅላሉ። ደንቡ ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ልጅቷ በወፍራም ጓንት ሳንቃውን ጎትታ አወጣችው፤ ሁለቱም ሮጡ። ከሳጥኑ ከወጣ በኋላ ያላቸው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ኦክ እንደ አለንጋ ተለምጦ በሚጠግኗት ጀልባ ሆድ ላይ ተጋደመ፤ በማጣበቂያ ብረት እያሰሩት ሳለ ጠንክሮ ቀረ። እንጨት እንዲህ ሲታዘዝ አይቼ አላውቅም። አባቴም ያየ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ሽማግሌው ራሳቸው የሳንቃ መጋጠሚያ መድፈን አሳዩን። የተፈተለ ጥጥ በክፍተቱ ላይ ይዘረጋል፤ አፉ ሰፋ ባለ መሮ መሳይ ብረትና በእንጨት መዶሻ እየተመታ ይገባል። መዶሻውን ለልጄ ሰጧት። ሲመታ ይዘምራል። ጥጡ ሲላላ ድምፁ ይደፈናል፣ ሲጠብቅ ይጠራል፤ ባለሙያው የሚሠራው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮው ነው። ልጄ አንድ ክንድ ያህል ደፈነች። «በጣም አታጥብቂው» አሏት፤ «ውሃ ስትገባ ሳንቃው ያብጣል፣ ቦታ ተይለት።» ይሄኔ ነገሩ በራ። ባላገር እጀታው የላላ መጥረቢያ ሲኖረው ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈው የለ? ጀልባዋም ያው ናት። ባሕር ስትገባ መጀመሪያ ታፈሳለች፤ አንድ ሁለት ቀን ውሃ ጠጥታ ስታብጥ ራሷን ትገጥማለች።

ምሳ ላይ ስለ ዌስተርን ፍላየር አጫወቱኝ። በ1937 ታኮማ የተሠራች የዓሣ ማጥመጃ ናት። በ1940 ደራሲው ጆን ስታይንቤክና ወዳጁ የባሕር ሕይወት ተመራማሪው ኤድ ሪኬትስ እስከ ካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ሄደውባታል። በኋላ ተረስታ ሁለት ጊዜ ሰጠመች። ጭቃ እንደለበሰች አንድ ሰው በ2015 በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገዛት፤ እዚሁ ፖርት ታውንሰንድ ተጠግና በ2022 ውሃ ነካች። ከታችኛው አካሏ አብዛኛው እንጨት አዲስ ነው። «ታዲያ ያችው ናት?» አልኳቸው።

የጣናን ታንኳ አስቤ ነው የጠየቅኩት። ታንኳ ከደንገል ይሠራል፤ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ባለቤቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላ ያስራል። ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፈው አስተሳሰሩ ነው። ነገደ ወይጦዎች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ይህን ነው እንጂ የታሰረ ደንገል አይደለም። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው መብላታቸውን አቆሙና ወደ እነዚያ ሁለት ወጣቶች ጠቆሙኝ። «ገንዘቡ የሚሄደው እዚያ ነው» አሉ። እኔም በዚህ አምናለሁ። አሮጌ ጀልባ ከሌለ ሳንቃ መቀቀል የሚማር ወጣት አይኖርም፤ እጁ ከጠፋ ደግሞ ገንዘብ ቢከመርም አይመለስም።

እጅ እያለ ገንዘብ የቀረባትንም አውቃለሁ። ዋዎና በ1897 ካሊፎርኒያ የተሠራች፣ 165 ጫማ ርዝመት ያላት ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ነበረች። ጣውላ ጫነች፣ ቤሪንግ ባሕር ድረስ ሄዳ ዓሣ አጠመደች። በ1964 ሊያድኗት የቆረጡ ሰዎች ገዝተዋት 45 ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲለመንላት ኖረ። የሚሰጠው ከሚበሰብሰው አልደርስ ብሎ በ2009 ሲያትል ውስጥ ፈረሰች። ከእንጨቷ የተሠራው ረጅም ቅርጽ በሌክ ዩኒየን ዳር ባለው የታሪክና ኢንዱስትሪ ሙዚየም፣ ከታች ወለሉን ከላይ ጣሪያውን ጥሶ ቆሟል። ውስጡ ገብቼ የምስማሮቿን ቀዳዳ ዳብሻለሁ። ያማል።

የባልደረባዬን ጀልባ አልወሰድኳትም። ለብቻዬ ብይዛት በዝናብ ሥር የማበሰብሳት እኔ ነበርኩ። ይህን ስነግረው ዓይኑ ውሃ ሞላ፤ የአባቱ ናትና። ጎድኗን ተማሪዎች እንዲማሩበት እዚያው የጀልባ ሥራ ለሚያስተምሩ ሊሰጥ አስቧል።

ከመመለሳችን በፊት ከአድቬንቸረስ ዘንድ ደረስን። በ1913 በሜይን ግዛት የተሠራች፣ 133 ጫማ ርዝመት ያላት ባለ ሸራ መርከብ ናት፤ ዛሬ ወጣቶች ባሕር ይማሩባታል። በየዓመቱ በብርዱ ወራት ፈቃደኞች ተሰብስበው ይፍቋታል፣ ይቀቧታል። ልጄ የመዶሻውን ነገር ለመርከበኛዋ ስትነግራት መዝገብ አውጥታ ስማችንን ጻፈች። ለኅዳር ነው። አሮጌ ልብስና ጓንት ይዛችሁ ኑ ብላናለች።