ፍየሏ ሥራ ላይ ናት

ሐዋሳ ስገባ መጀመሪያ የማቀናው ወደ አሞራ ገደል ነው። ዓሳ ሾርባ፣ ሐይቁ፣ ሰው መሀል የሚንጎራደዱት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎች። ዘንድሮም እንደዚያው አደረግኩ። ከዚያ ግን ባጃጅ ይዤ የሰፈር ልጆች የአሻንጉሊት ቴአትር ወደሚያሳዩበት ግቢ ሄድኩ። አንድ ወዳጄ «ሳታየው እንዳትመለስ» ብሎኝ ነበር።

ቴአትር ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰ አዳራሽ ነው። ሙዚየሙ ከጎኑ ያለች አንዲት ክፍል። በየሚስማሩ አንድ አሻንጉሊት ተሰቅሏል። ጭንቅላቷ ቅል፣ ፀጉሯ የእንሰት ቃጫ የሆነ አሮጊት አለች። ድሮ ካልሲ የነበረ ጉሬዛ አለ። ከጋዜጣና ከዱቄት ሙጫ የተሠራ ጅብም አለ።

ትልቁን አባ ኮዳ ሳይ ቆምኩ። «እሱን ለሦስት ነው የምናጫውተው፣ ጋሼ» አለችኝ አስጎብኚዬ። አንዱ አንገቱን፣ አንዱ ክንፎቹን፣ አንዱ እነዚያን ቀጫጭን እግሮች። ቡንራኩ የሚባለው የጃፓን የአሻንጉሊት ቴአትርም እንዲሁ ነው፤ ዋናው ሰው ጭንቅላትና ቀኝ እጅ፣ ሁለተኛው ግራ እጅ፣ ሦስተኛው እግር ይይዛል።

ጅቡን አውርዳ እጄ ላይ አጠለቀችልኝ። አፉን ከፈትኩት።

«ኧረ የላይኛውን አይንኩት! አውራ ጣትዎን ብቻ ዝቅ ያድርጉ።»

እውነቷን ነው። እኛስ ስናወራ የሚወርደው የታችኛው መንጋጋ አይደል? ቀጥላ አንጓዬን ወደ ፊት ሰበር አደረገችው። ልጆቹ ከታች ስለሚቀመጡ፣ ካላጎነበሰ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ ይመስላል። ጅቡ ቁልቁል አየ። በር ላይ የቆመ ሕፃን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ መጋቢት 12 በቀይ ተከቧል፤ የዓለም የአሻንጉሊት ቴአትር ቀን ነው። ከሥሩ ያለው ሚስማር ባዶ ነው።

«ይሄኛውስ?»

«ፍየሏ ናት። ሥራ ላይ ናት።»

ይሄን በጣም ወደድኩት። መስታወት ውስጥ ቢቆልፉባት ጨርቋ ይቆይ ነበር፤ ፍየልነቷ ግን አይቆይም። ሲቀደድ ይሰፉታል፣ በቃ።

ትርዒቱን ልጆች መሀል ተቀምጬ አየሁ። ተረቱ በአማርኛ ይጀመርና መሀል ላይ ሲዳምኛ ይገባበታል። ልጆቹ ለሁለቱም ይመልሳሉ። ጅቡ ከኋላ ሲመጣ «ዙሪ! ዙሪ!» ብለው አዳራሹን አናጉት። እኔም አብሬ ጮኽኩ።

ሲያልቅ ፍየሏን ይዘው መጡ። ከመሰቀሏ በፊት አስፈቅጄ እጄን አስገባሁ። ውስጧ ገና ይሞቃል።