ቲን ኦክሳይድ ስታዘጋጁ «በርካታ ጊዜ ታጠበ» የሚለውን አትመኑ

ቡታጋዝ ሲያፈስ ቀድሞ ለሚጮህ መሣሪያ የሚሆን የቲን ኦክሳይድ ዱቄት (ጋዝ ሲነካው የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ የሚወርድ ዱቄት) ጎንደር ላይ ሆኖ መሥራት ይቻላል። እኔ ሠርቼዋለሁ፤ የወጣው ሴንሰርም አያሳፍርም። አብዛኛው ሥራ ቀላል ነው። ሰው የሚያሳብደው አጠባው ብቻ ነው፤ ስለ እሱ ደግሞ የሚነግራችሁ የለም።

መነሻው እንዲህ ነው፦ 17.5 ግራም ቲን ቴትራክሎራይድ (አምስት ውሃ ያለውን ጨው) በ500 ሚሊሊትር ዲስትልድ ውሃ ማሟሟት፣ እያማሰሉ ፒኤች 8 እስኪደርስ አሞኒያ ጠብ ጠብ ማድረግ። እንደ አጥሚት የወፈረ ነጭ ጄል ይወጣል።

ከዚህ መጠን የሚገኘው ኦክሳይድ 7.5 ግራም ነው። አብሮት ያለው ክሎሪን 7 ግራም። የዱቄቱን ያህል ቆሻሻ ማውጣት አለባችሁ ማለት ነው። የምርምር ጽሑፎቹ ግን «ክሎራይድ እስኪጠፋ በርካታ ጊዜ ታጠበ» ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። ስንት ጊዜ? በምን ያህል ውሃ? መጥፋቱስ በምን ታወቀ? «ግድ የለም፣ ፉርነስ (ዱቄቱ የሚቃጠልበት ምድጃ) ውስጥ ይተናል» የሚሉም አሉ። አሞኒየም ክሎራይድ 340 ዲግሪ አካባቢ መትነኑ እውነት ነው፤ ጭሱም የፉርነሱን ሽቦ ይበላል። ኦክሳይዱ ገጽ ላይ የተጣበቀው ክሎሪን ግን ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ኦክስጅን ሊያርፍበት የሚገባውን ቦታ ይይዛል፤ ሴንሰሩ በሞቀ ቁጥር ቀስ በቀስ ስለሚለቅም በንጹሕ አየር የሚነበበው ሬዚስታንስ አልረጋ ይላል።

የላብራቶሪ መመሪያው ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አድርጉ፣ ነጭ ካልታየ ንጹሕ ነው ይላል። እኛ የምናጥበው ግን አሞኒያ ያለበትን ነገር ነው፤ ሲልቨር ክሎራይድ ደግሞ አሞኒያ ውስጥ ይሟሟል! ክሎራይዱ ሞልቶ እያለ ቴስት ቱዩቡ ጥርት ብሎ ይታያችኋል። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ማንን ይጎዳ እንደነበር እስካሁን አይገባኝም። ትክክለኛው አሠራር፦ ከማጠቢያው ውሃ 2 ሚሊሊትር ውሰዱ፣ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት እስኪቀላ የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ጨምሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ 0.1 ሞላር ሲልቨር ናይትሬት ሁለት ጠብታ። ከጥቁር ወረቀት ፊት አቁማችሁ እዩት። ጎን ለጎን ዲስትልድ ውሃውን ብቻውን በተመሳሳይ መንገድ ፈትሹ፤ በቧንቧ ውሃ የተለቀለቀ ቴስት ቱዩብ ራሱ ነጭ ያወጣልና። ሲልቨርና አሞኒያ የተቀላቀለበትን ፈሳሽ ደግሞ አሲድ ሳትጨምሩበት አታሳድሩ፤ ሲቆይ የሚፈነዳ ዝቃጭ ይሠራል።

ሁለተኛው ወጥመድ የሚመጣው አጠባው እየተሳካ ሲሄድ ነው። ጨው ሲቀንስ ጄሉ ይበተንና በማጣሪያ ወረቀቱ ሾልኮ ያልፋል፤ ከታች የሚንጠባጠበው ውሃ ወተት ይመስላል። ብዙ ሰው ይህን ክሎራይድ ነው ብሎ ማጠቡን ይቀጥላል፤ ምርቱን በገዛ እጁ ወደ ፍሳሽ ይደፋል። ሲልቨር ሳይጨመርበት የደፈረሰ ከሆነ ኦክሳይዱ ራሱ ነው። መፍትሔው በንጹሕ ውሃ ማጠብን ትቶ በ2 በመቶ አሞኒየም አሲቴት መቀጠል ነው፤ ጄሉን አቅፎ ይይዘዋል፣ የቀረውም ፉርነስ ውስጥ ተቃጥሎ ይጠፋል።

ማጣሪያ ወረቀቱንም ተዉት፣ ይደፈናል። ጄሉ ላይ ማጠቢያውን ፈሳሽ እስከ 500 ሚሊሊትር ሙሉ፣ 60 ዲግሪ ላይ ለግማሽ ሰዓት አማስሉ፣ በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ በሚያዘቅጥ መሣሪያ) አስዘቅጡና ከላይ ካለው ፈሳሽ 400 ሚሊሊትሩን ቀድታችሁ ድፉ። በስሌት እያንዳንዱ ዙር አንድ አምስተኛውን ብቻ ያስቀራል፤ ከአራት ዙር በኋላ 7ቱ ግራም ወደ 11 ሚሊግራም ይወርዳል። ጄሉ ውስጥ የተደበቀው ግን ስሌት አያከብርም፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓቷን አትስረቁ። ዙር አትቁጠሩ፣ ፍተሻው ሲያልፍ አቁሙ።

ቀሪው በፍጥነት ያልቃል። 100 ዲግሪ ላይ አድርቁ፣ ፍጩ፣ 600 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሰዓት አቃጥሉ። መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት ምረጡ፤ ደጋግሞ የሞቀ ዱቄት ቅንጣቱ ያድጋል፣ ንቃቱም ይቀንሳል። የዱቄቱን ንቃት የሚያሻሽለውን ፓላዲየም 1 በመቶ ስትጨምሩ ናይትሬቱን ፈልጉ። በየጽሑፉ የሚታዘዘው ፓላዲየም ክሎራይድ ያን ሁሉ ያጠባችሁትን ክሎሪን መልሶ ያስገባዋል። ከዚያ በተርፒኒዮልና (ማቅጠኛ ፈሳሽ) በኤቲል ሴሉሎስ (ማያያዣ) አቡክታችሁ ኤሌክትሮድ ያለው የአሉሚና (ሴራሚክ) ሰሌዳ ላይ ቀቡ፤ አድርቃችሁ እንደገና 600 ዲግሪ ላይ አጣብቁት።

ለፍተሻ ባለ 20 ሊትር የውሃ ጋሎን ይበቃል። ቡቴን አየር ውስጥ 1.8 በመቶ ሲደርስ መቀጣጠል ይችላል፤ ማንቂያው በዚህ አንድ አሥረኛ ላይ እንዲጮህ 36 ሚሊሊትር በሲሪንጅ አስገቡ። ሴንሰሩን 300 ዲግሪ አካባቢ አሙቁትና ሬዚስታንሱ ስንት እጥፍ እንደወረደ መዝግቡ። ከታተመ ቁጥር ጋር አታወዳድሩ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የኦክስጅን ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ በንጹሕ አየር የሚነበበው ዝቅ ቢል ዱቄቱን አትውቀሱ። እርጥበትም ያወርደዋል፤ በጥር ያስተካከላችሁት ማንቂያ ሐምሌ ላይ ያለ ጋዝ ይጮሃል፣ በክረምት እንደገና አስተካክሉት።

ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሴንሰሩ ከወለሉ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ጣሪያ ሥር የሚሰቅሉት ሰዎች ለማን እንደሚጮህላቸው አላውቅም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ የቀዘቀዘ ሴንሰር ጋዝ እንዳለ ያነባል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ዝም እንዲል ካላደረጋችሁት የቤቱ ሰው ነቅሎ ጓዳ ይከተዋል።