ከውሳኔ ሐሳቡ ባሻገር፦ የአውሮፓን የጋራ የውጭ ፖሊሲ ማን እንደሚቆጣጠር እንዴት ተከታተልኩ?

ብዙዎቻችን የአውሮፓ ፓርላማን ያወቅነው በምርጫ 97 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎችን የመሩት ፖርቹጋላዊቷ የፓርላማ አባል አና ጎሜዝ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኢትዮጵያ የውሳኔ ሐሳብ በወጣ ቁጥር ግማሻችን ደስ ይለናል፣ ግማሻችን እንቆጣለን። በኖቬምበር 2020 እና በኦክቶበር 2021 ስለ ትግራይ ሲወጡም እንዲሁ ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነበር። የውሳኔ ሐሳቡ ማንንም አያስገድድም። ታዲያ ፖሊሲውን የሚወስነውን አካል ማን ነው የሚጠይቀው?

የምኖረው ጀርመን ነው። የሕግ ሰው አይደለሁም። ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ የአክስቴ ልጅ ሶማሊያ መዝመቱ ነው። እዚያ በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ሥር ለሚያገለግሉ ወታደሮች የሚከፈለው አበል ለብዙ ዓመታት የመጣው ከአውሮፓ ኅብረት ነው። ኢትዮጵያ ተልዕኮውን በይፋ የተቀላቀለችው በ2014 ነው። በ2016 ደግሞ ኅብረቱ ለአበሉ የሚሰጠውን ገንዘብ በ20 በመቶ ቀነሰ። የእኛ ልጆች ነፍሳቸውን የሚሰጡበት ጉዳይ ብራስልስ ውስጥ በአንድ ስብሰባ ይቆረጣል። ማን እንደቆረጠው ማወቅ ፈለግሁ።

የጀመርኩት ኅብረቱ ከሚተዳደርበት ስምምነት ነው። የኅብረቱ ስምምነት በአማርኛ የለም፣ ግን አንቀጽ 36 አጭር ናት፤ ማንም ሊያነባት ይችላል። የውጭ ፖሊሲ በዋናነት የሚወሰነው በአባል አገሮች ነው፣ ያውም በሙሉ ድምፅ። የኅብረቱ የውጭ ፖሊሲ ኃላፊ የሆኑት ከፍተኛ ተወካይ ፓርላማውን በዋና ዋና ጉዳዮች ላይ ያማክራሉ፣ ያሳውቃሉ። ፓርላማው ይጠይቃል፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከራከራል። አለቀ።

የፓርላማው ትልቁ ጉልበት በጀት ነው። እዚህ ላይ ግን አንቀጽ 41 ይመጣል። ወታደራዊ ወጪ ከኅብረቱ በጀት አይከፈልም። ከ2021 ጀምሮ ይህን ወጪ የሚሸፍነው የአውሮፓ የሰላም ፋሲሊቲ የሚባለው ፈንድ ነው። ገንዘቡን በቀጥታ የሚያዋጡት አባል አገሮች ናቸው፣ ፓርላማው ድምፅ አይሰጥበትም። ለእኔ ትልቁ ክፍተት ይኸው ነው፣ ዛሬም ያናድደኛል። የወታደሮቹ አበል የሚወጣው የአውሮፓ ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች ከማያጸድቁት ካዝና ነው።

ታዲያ ፓርላማው ባዶ እጁን ነው? አይደለም። ይህን ያሳየኝ ስለ ባሕር ወንበዴዎች የተሰጠ ፍርድ ነው። ኅብረቱ በዲሴምበር 2008 አታላንታ የተባለውን የባሕር ኃይል ዘመቻ ወደ ሶማሊያ ጠረፍ ላከ። የተያዙ ተጠርጣሪዎችን ለሞሪሸስ ለማስረከብ ስምምነት የተፈረመው በጁላይ 14 ቀን 2011 ነው። ፓርላማው ሰነዱ የደረሰው በኦክቶበር 17 ነው። ሦስት ወር አልፎ! ስምምነቱ በኅብረቱ ይፋዊ ጋዜጣ ከወጣ እንኳ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። ፓርላማው ሉክሰምበርግ በሚገኘው የኅብረቱ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ሁለት ነገር ነው የጠየቀው። አንደኛው ስምምነቱ የእኔ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር የሚል ነው፣ እዚህ ላይ ተሸነፈ። ሁለተኛው በወቅቱ አልተነገረኝም የሚል ነው፣ እዚህ ላይ አሸነፈ። ፍርድ ቤቱ በጁን 2014 ስምምነቱን ያጸደቀውን የአባል አገሮች ሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ ሰረዘ፣ ተጠርጣሪዎቹ ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ ግን ውጤቱን አቆየው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከታንዛኒያ ጋር በተደረገው ተመሳሳይ ስምምነትም ፓርላማው በዚያው ነጥብ ረታ።

ይህን ፍርድ ካነበብኩ በኋላ አካሄዴ ተለወጠ። ፓርላማው የመወሰን ሥልጣኑ ጠባብ ነው፣ የማወቅ መብቱ ግን በፍርድ ቤት የተከበረ ነው። ስለዚህ "አውግዙልን" የሚል ደብዳቤ መጻፍ ተውኩ። በፊርማ የተሞላ አቤቱታም አላዘጋጀሁም። ጥያቄ ማዘጋጀት ጀመርኩ።

የፓርላማ አባላት ለከፍተኛ ተወካዩ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። ጥያቄው ከ200 ቃል መብለጥ የለበትም። ቀነ ገደቡ ለተራ ጥያቄ ስድስት ሳምንት፣ ለአስቸኳይ ሦስት ሳምንት ነው። ጥያቄውም መልሱም በድረ ገጽ ይወጣል፣ እኔ የምወደው ይህንን ነው። ለውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አባላት ጻፍኩ፣ መልስ የሰጠኝ ቢሮ አንድ ነው። አንድም በቂ ነው። ረዳቱ የነገረኝን ለእናንተም ላካፍል። አንድ ገጽ ብቻ ላኩ። ስለ ታሪክ አታትቱ። ቁጥርና ቀን የሚጠይቅ ጥያቄ ይሁን። "ሁኔታው አያሳስብዎትም ወይ?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ "በእጅጉ ያሳስበናል" ይመጣላችኋል። "አበሉ ወታደሩ እጅ መድረሱ በምን ይረጋገጣል?" ስትሉ ግን የሆነ ነገር መናገር ግድ ይሆናል። የእኔ ጥያቄ መልስ አጭር ነበር። ቢሆንም ገንዘቡ በአፍሪካ ኅብረት በኩል ወደ አገሮቹ መንግሥታት እንደሚሄድ፣ ለወታደሩ የሚከፍሉትም እነሱ እንደሆኑ በጽሑፍ አገኘሁ። ለአክስቴ ያንን ወረቀት ተርጉሜ አነበብኩላት።

ሁለተኛው በር የሚኖሩበት አገር ፓርላማ ነው። ይህን ብዙ ዳያስፖራ ይዘነጋዋል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ከሆነ እያንዳንዱ ሚኒስትር ማገድ ይችላል፣ ሚኒስትሩን ደግሞ የሚጠይቀው የአገሩ ፓርላማ ነው። የዴንማርክ ሚኒስትር ብራስልስ ሄዶ ከመደራደሩ በፊት በአገሩ ፓርላማ የአውሮፓ ጉዳዮች ኮሚቴ ፊት ቀርቦ አቋሙን ማስፈቀድ አለበት። ጀርመን ውስጥ ወታደር ወደ ውጭ ለመዝመት የአገሪቱ ፓርላማ የቡንደስታግ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1994 እንዲህ ወስኗል። በአታላንታ የጀርመን ተሳትፎ ጉዳይም ለዓመታት በየጊዜው ለድምፅ ይቀርብ ነበር። ያንኑ አንድ ገጽ ለአካባቢዬ የቡንደስታግ ተወካይ ሰጠሁ፣ በቀጠሮ ቀን በአካል ሄጄ።

ሁለቱ ቤቶች የሚገናኙበት ጉባኤም አለ። ከ2012 ጀምሮ፣ መጀመሪያ በቆጵሮሷ ጳፎስ፣ የብሔራዊ ፓርላማዎችና የአውሮፓ ፓርላማ ልዑካን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለ ውጭና ደኅንነት ፖሊሲ ይነጋገራሉ። ከየአገሩ ስድስት፣ ከአውሮፓ ፓርላማ 16። መደምደሚያቸው አያስገድድም። እኔ ግን አልንቀውም፣ ከፍተኛ ተወካዩን ፊት ለፊት የሚያገኙበት ነው። በበርሊንና በብራስልስ አንድ ዓይነት ጥያቄ የያዙ ሰዎች እዚያ ቢገናኙ ጉዳዩ የአንድ ሰው ቅሬታ መሆኑ ይቀራል።

በ2025 ሁለት ነገር ተለውጧል። የፓርላማው የደኅንነትና መከላከያ ንዑስ ኮሚቴ ሙሉ ኮሚቴ ሆኗል። ሶማሊያ ውስጥም አዲሱ የአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ቦታውን ተክቷል፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን ሲያከራክር ነው የከረመው። አዲሱ ጥያቄዬ በዚህ ላይ ነው፦ ስንት፣ ለስንት ጊዜ፣ ሒሳቡንስ ማን ይመረምራል? ከ200 ቃል በታች አድርጌ ለሁለቱም ቤቶች ልኬዋለሁ።