ከሜሪላንድ የመጣው ዱአል፦ የስድስት ሳምንት ማስታወሻ

ባለፈው ፋሲካ አጎቴ ከሜሪላንድ ሲመጣ ከሻንጣዎቹ በአንዱ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ የሸክላ ማጫወቻ ነበር። ሰፈሩ ያለ አንድ ቤተሰብ ቤት ሲለቅ ደጅ ላይ አውጥቶ ከሚሸጠው ዕቃ መሃል አይቶ በ40 ዶላር ያነሳው ነው። አባቴ ትቶልን ያለፈው ስድሳ የሚሆን ሸክላ አለን። አብዛኛው ትንሹ ባለ 45 ዙር ነው፤ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ ካሴት ቦታውን እስኪወስድ ድረስ የተገዛ። ስንት ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማጫወቻውን ለይቶ ከማወቅ ጀምሮ በትክክል እስኪጫወት ድረስ ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። በተለይ ከአሜሪካ ዕቃ ለሚመጣላችሁ ሰዎች የፍጥነቱን ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም።

መጀመሪያ ሞዴሉን ማወቅ ነበረብኝ። ፊቱ ላይ ዱአል የሚለው ይነበባል፤ ቁጥሩ ግን ተፍቋል። ከሥር የተለጠፈው ወረቀት ተቀዶ ከጽሑፉ የተረፈው 117 ቮልት የሚለው ብቻ ነው። ዱአል በደቡብ ጀርመን፣ በጥቁር ደን አካባቢ፣ ሳንክት ጌኦርገን በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረ ዕቃ ነው። ስሙም የወጣለት በኤሌክትሪክም በእጅ በሚጠመዘዝ ሞላም ከሚሠራው የድሮ ሞተሩ ነው። ምልክቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። መርፌውን የሚይዘው ክንድ አንዱ በሌላው ውስጥ በገቡ ቀለበቶች መሃል ተንጠልጥሏል። ሸክላው የሚቀመጥበትን ሰሃን በሜትር ስለካው 30 ሴንቲሜትር ተኩል ሆነ፤ ስለዚህ ሰሃኑ አነስ የሚለው 1218 የሚባለው የዱአል ሞዴል አይደለም። አንድ ሸክላ ብቻ ሲጫወትና ብዙ ተደራርቦ ሲጫወት የክንዱን ከፍታ የሚቀይር ማንሻም አለው፤ ይሄ 1219ም 1229ም ላይ ያለ ነው። 1229 ግን ፍጥነቱ የሚታይበት መብራት ያለው ትንሽ መስኮት አለው፤ የእኔ የለውም። 1219 ነው ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ። ከአባቴ ሸክላዎች ጋር እኩያ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ።

ሰሃኑን ለማንሳት መሃሉ ላይ ያለችውን የብረት ክሊፕ በቀጭን ካቻቢቴ አስለቀቅኩ። ውስጡ ቀበቶ የለውም። የሞተሩ ፑሌጃ አንድ መካከለኛ ጎማ ያዞራል፤ ጎማው ደግሞ የሰሃኑን የውስጥ ጠርዝ ተደግፎ ሰሃኑን ያዞራል። ጎማውን በአልኮል ጠርጌ፣ ማብለጭለጭ የጀመረውን ጠርዙን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ አሸሁት። ለሞተሩ ኩሽኔታዎች የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ሁለት ጠብታ በቃቸው። ሁለት ምሽት የፈጀብኝ ግሪሱ ነው። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ደርቆ እንደ ሰም ስለነበር በጥርስ መፋቂያ እንጨት እየፋቅኩ፣ በአልኮል እያጠብኩ አወጣሁት። በካቻቢቴ አትፋቁት፤ ብረቱን ትጭሩታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ማስነሻውን ስስበው ክንዱ ይነሳል፤ ወደ ሸክላው ግን አይሄድም። ባለበት ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይቀመጣል። ምክንያቱ ከሥር ባለው ረጅም ማንሻ ጫፍ ላይ መኖር የነበረባት የስንዴ ፍሬ የምታህል ጎማ ናት። ክንዱን ገፍታ የምትወስደው እሷ ናት፤ ጀርመኖች ሽቶየርፒምፕል ይሏታል። የእኔዋ ተፈርፍራ አልቃ ስባሪዋን ግሪሱ ውስጥ አገኘሁት። ሰፈራችን ያለው ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ሄጄ ቫልቭ ላይ የሚገባውን ቀጭን ጎማ ለመንኩት፤ አንድ ጣት የሚያህል ቆርጦ በነፃ ሰጠኝ። መጀመሪያ የቆረጥኳት ስለረዘመች ክንዱን ይዛ አልለቅ አለች። በምላጭ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ሳሳጥራት ክንዱ ተነሳ፣ ሄደ፣ ጠርዙ ላይ ወረደ። አሥር ጊዜ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ አሥሩንም ጊዜ እዚያው ቦታ ወረደ።

የድሮው ካርትሪጅ (ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን የሚይዘው ክፍል) መርፌው ስለተሰበረ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ አስገባሁለት። ይሄ ከ1.8 እስከ 2.2 ግራም ክብደት ይፈልጋል። አሠራሩን ላልሞከራችሁ፦ መጀመሪያ የክብደቱን መደወያ ዜሮ ላይ አድርጋችሁ፣ ክንዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል አየር ላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ የኋላውን ክብደት ታዞራላችሁ። ቀጥሎ መደወያውን 2 ላይ ታደርጋላችሁ፤ ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን ሁለተኛውን መደወያም እንደዚያው። እኔ መደወያውን ብቻ ባምን ኖሮ እሳሳት ነበር። በትንሿ የወርቅ ሚዛን ስለካው 2 የሚለው በእውነት 1.7 ነበር፤ ሞላው አርጅቷል። ሚዛኑ ብረት ካለው የካርትሪጁ ማግኔት እየሳበው ቁጥሩን እንደሚያዛባ አትርሱ። መርፌው የሚያርፍበት ላይ ወፈር ያለ ፕላስቲክ አድርጌ፣ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሼ ነው የለካሁት።

ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። ወረቀቱ ላይ 117 ቮልት የሚል ስላየሁ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ሰሃኑ ዝም ብሎ፣ ሳይንገጫገጭ ዞረ። ፍጥነቱን ለማረጋገጥ ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ባለ መስመር ክብ ወረቀት አትሜ ሰሃኑ ላይ አስቀመጥኩና በረንዳው ላይ ካለው ረጅም ፍሎረሰንት ሥር ወሰድኩት። መስመሮቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፍጥነቱ ልክ ሲሆን መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ፣ ሲያንስ ወይም ሲበዛ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ይሄዳሉ ተብሎ ነው የተጻፈው። ስለዚህ ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝና ከአባቴ ሸክላዎች አንዱን አስቀመጥኩ።

እናቴ ከማድቤት እጇን እየጠረገች ወጣችና ቆማ ሰማች።

«ይህቺ ልጅ እንዲህ ጎትታ አትዘፍንም ነበር።»

«እማዬ፣ ፍጥነቱን አሁን ለካሁት እኮ። ልክ ነው።»

«እኔ አልለካሁም። በዚህ ዘፈን ጨፍሬበታለሁ።»

ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፌ፣ የስልኬን ሰዓት ይዤ መቁጠር ጀመርኩ። በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ መዞር የነበረበት 28 እንኳን አልሞላም። እናቴ ልክ ነበረች። መስመሮቹ እንዴት ቆሙ ታዲያ? ያን ሌሊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ።

የዱአል ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ከሚመላለስበት ብዛት ነው፤ የሚለካውም በኸርዝ ነው። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ጋ 50። ትራንስፎርመር ቮልቴጅ ያወርዳል እንጂ ፍሪኩዌንሲ አይነካም። ስለዚህ ለ60 የተሠራ ማጫወቻ እዚህ ሲሰካ በአምስት ስድስተኛ ፍጥነቱ ይዞራል፦ 33 ከሲሶው 27.8፣ 45ቱ 37.5 ይሆናል። ድምፁም ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ወርዶ ይወፍራል። ወረቀቱም አሜሪካዊ ነበር። 60 ኸርዝ ላይ መብራት በሰከንድ 120 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ በዚያ ልክ ለ33 ከሲሶ 216 መስመር ይሣላል። የእኛ ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ሲል፣ 216 መስመር ያለው ወረቀት በ27.8 ዙር ሲዞር በሰከንድ በትክክል 100 መስመር ያልፋል። ሞተሩም መብራቱም በእኩል መጠን ስላነሱ ስህተቱ ራሱን ደበቀ። ለእኛ አገር መብራት የሚሆነው ወረቀት 180 መስመር ያለው ነው፤ ከማተማችሁ በፊት ቁጠሩት። ወረቀት ባይኖራችሁም ግድ የለም፤ በ33 ከሲሶ መቶ ዙር ልክ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ፕላስተርና ሰዓት ይበቃል።

1219 ፍጥነቱን ትንሽ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አለው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 በመቶ ያህል ነው። እኔ ደግሞ 20 በመቶ መጨመር ነበረብኝ። መፍትሔው ፑሌጃውን መቀየር ነው። የሚገርመኝ የመካከለኛው ጎማ ስፋት በሂሳቡ ውስጥ አለመግባቱ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስኑት የፑሌጃውና የሰሃኑ የውስጥ ጠርዝ ስፋት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ፑሌጃው በአንድ አምስተኛ ቢወፍር ይስተካከላል።

አንድ ቶርኖ ቤት ወስጄ ከነሐስ አስወጣሁ። ባለሙያው ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ ፍጥነት ያለችውን ደረጃ ሳይቀር ለክቶ ሠራልኝ። ቆጠራው 33 ላይ መጣ። ረጅም የዋሽንት ድምፅ ያለበትን ቦታ ስሰማ ግን ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፑሌጃው ከሰሃኑ አንጻር በጣም ቀጭን ስለሆነ፣ መሃሉ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳን ሳይሞላ ቢዛነፍ ጆሮ ይሰማዋል። በመጨረሻ ፍራንክፈርት ያለች የአክስቴ ልጅ ለ50 ኸርዝ የተሠራውን ዋናውን ፑሌጃ እዚያው ፈልጋ በሰው ላከችልኝ፤ ጀርመን ውስጥ የዱአል ዕቃ ዛሬም ይገኛል። የድሮውን አውጥቼ አዲሱን አሠርኩ። በመቶው ዙር ላይ ሰዓቴ ሦስት ደቂቃ አለ፤ ባለ 180 መስመሩም ወረቀት ቆመ። ያንኑ ሸክላ መልሼ ሳስቀምጥ እናቴ የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ «አዎ፣ እሷ ናት» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የቀረው ቶሎ ያለቀ ነው። ከካርትሪጁ የሚወጣው 4 ሚሊቮልት ገደማ ስለሆነ ፎኖ የሚል መግቢያ የሌለው አምፕሊፋየር ላይ በቀጥታ አይሰካም፤ መሃል ላይ ትንሽ የፎኖ ማጉያ ያስፈልጋል። የሚያስቸግረኝ የነበረው ግርር የሚል ድምፅ ግማሹ የመሬት ሽቦውን ሳስር፣ ግማሹ ትራንስፎርመሩን ከማጫወቻው አንድ ሜትር ሳርቀው ጠፋ። ሸክላዎቹን በለስላሳ ጨርቅና በተጣራ ውሃ ነው ያጠብኳቸው። የባትሪ ውሃ ተብሎ ከሚሸጠው አሲድ ያለበትም ስላለ ጠርሙሱን አንብቡ። ባለ 78 ዙር የድሮ ሸክላ ካላችሁ ደግሞ አልኮል አታስነኩት፤ ይጎዳዋል። መርፌውም ሰፋ ያለ ሌላ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ክንዱን ቀስ አድርጎ የሚያወርደው ማንሻ ውስጥ ያለው ወፍራም የሲሊኮን ዘይት አልቋል። ማንሻውን ስለቀው ክንዱ ዱብ ይላል፤ ለጊዜው በጣቴ ደግፌ ነው የማወርደው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ዘይት በትንሽ መጠን የሚሸጥበትን ቦታ የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ። የመኪና ሲሊኮን ስፕሬይ ሞክሬያለሁ፤ በጣም ቀጭን ስለሆነ አይዝም።