ኖር! በእግዜር!

ሦስት ሳምንት አለፈ። እህቴ አሁንም በር ከፍቼ ስገባ "ኖር!" ብላ ከሶፋው ብድግ ትላለች። ልጇ ነው የነገራት። ያ ከሃዲ።

እሁድ ጠዋት፣ መስቀል አደባባይ። መንገዱ ለመኪና ተዘግቷል። እኔ የ34 ዓመት ሰውዬ ሳይክል ላይ ተሰቅያለሁ። አስተማሪዬ 9 ዓመቱ ነው። "አጎቴ፣ አለቅህም" አለኝ። ለቀቀኝ።

ሄድኩ! ግን ማቆም አላውቅም፤ ወደ ቀኝ መታጠፍም አላውቅም። ስለዚህ ወደ ግራ ብቻ እዞራለሁ። አደባባዩ በ2013 ታድሶ ሲያልቅ "ይሄ ሁሉ ስፋት ለምን አስፈለገ?" ብዬ ነበር። ለካ ለኔ ነው።

ደረጃው ሥር አንድ አዛውንት አረፍ ብለዋል። ከእስጢፋኖስ ቅዳሴ መውጣታቸው ነው፤ ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ። ወደሳቸው የመጣሁ መሰላቸው መሰለኝ፣ "ኖር!" ብለው ብድግ አሉ። ትልቅ ሰው ተነሥቶልኝ ዝም ልበል?

"ኧረ በእግዜር!" ብዬ አለፍኩ።

ዞሬ መጣሁ። "ኖር!"

"በእግዜር! አይነሱ!"

በሦስተኛው ዙር ጉልበታቸው ቋ ሲል እኔ ድረስ ተሰማ። አጠገባቸው ያሉት እናትም ተነሡ። በአራተኛው ደረጃው ላይ ስፖርት የሚሠሩት ሳይቀሩ ቆመው ጠበቁኝ። የክብር ዘብ የምጎበኝ ነው የምመስለው።

ምክሩ ደግሞ ይዘንባል። "ፍሬን ያዝ!" "ፊት ለፊት እይ!" "ዘና በል!" እዚህ ከተማ መኪና ስታቆም፣ ጎማ ስትቀይር፣ ሶፋ ስታወርድ የማያውቅህ ሁሉ አሰልጣኝህ ነው። ሶፋውን በአንድ በኩል የሚይዝልህ ግን የለም። ባለፈው ዓመት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ብቻዬን ነው የጎተትኩት።

በአምስተኛው ዙር "ይቀመጡ" ልላቸው ብዬ አንድ እጄን ከመሪው አነሣሁ።

ከዚያ በኋላ ትዝ የሚለኝ ካቴናው ሱሪዬን ሲበላ ነው። ሰማይ አየሁ። ቀጥሎ የአዛውንቱን ጫማ አየሁ፤ እግራቸው ሥር ተዘርግቻለሁ። አፌ ለምዶ ኖሮ፣ ከአስፋልቱ ላይ ሆኜ፣

"በእግዜር... አይነሱ" አልኩ።

"አሁንስ አልነሣም" አሉ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ። "አንተ ተነሥ።"