የህግ ተማሪዎችን ከአርብቶ አደር ጋር መደራደር ላስተምር ብዬ ራሴ የወደቅኩበት ቀን

ኤዲአር (ክርክርን ከፍርድ ቤት ውጪ በድርድርና በሽምግልና መፍታት) አስተምራለሁ። ይሄን የምፅፈው ስጀምር "ተው" ያለኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ዝግጅቱ ቀላል ነበር። ለልምምድ የፈጠርኩት፣ አዋሽ ዳር መሬት የሚፈልግ ስኳር ድርጅት፣ የክልል መንግስት እና አንድ የአፋር ጎሳ ብዬ ተማሪዎቹን ለሶስት ከፈልኳቸው። አርብቶ አደር ከመሬቱ እንዳይፈናቀል የሚለውን የህገ መንግስቱን አንቀፅ 40(5)፣ ለህዝብ ጥቅም መሬት ስለማስለቀቅና ስለ ካሳ የወጣውን አዋጅ 1161/2011 እና ከመሬታቸው ስለተፈናቀሉት የኬንያ ኢንዶሮይስ አርብቶ አደሮች የአፍሪካ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን የሰጠውን ውሳኔ አስነበብኳቸው፣ በቃ። ጎሳውን የሚወክሉ እውነተኛ ሽማግሌ ጋበዝኩ። ፋይናንስ ለትራንስፖርታቸው የቲን ነምበር ያለው ደረሰኝ አምጣ አለኝ። ሰውየው በሚኒባስ ነው የመጡት፣ የትኛው ረዳት ነው ደረሰኝ የሚቆርጠው? ከኪሴ ከፈልኩ።

ድርድሩ 90 ደቂቃ ብዬ ወስኜ ነበር። ሽማግሌው ተቀመጡና ዳጉ፣ የአፋሮቹን የወሬ መለዋወጥ ወግ፣ ጀመሩ። አንድ የአፋር ልጅ ያስተረጉማል። መንገዱ እንዴት ነው፣ ዝናብ የት ጣለ የት ቀረ፣ የእነ እገሌ ከብት አሁን የት ደርሷል፣ በመሀል ደግሞ እኛን መልሰው ይጠይቁናል። የድርጅቱ ጠበቃ የሆነችው ተማሪ ስልኳን ገልበጥ አድርጋ ሰዓት ታያለች። 20 ደቂቃ ሲሆን እኔ ራሴ፣ አስተማሪው፣ "አባታችን ይቅርታ፣ ሰዓት ስለሌለን ወደ ዋናው ጉዳይ ብንገባ" አልኩ።

ዝም አሉ። ከዛ በኋላ ለተባለው ሁሉ "እሺ" ብቻ። ልጆቹ በሄክታር ካሳ አሰሉ፣ በ70 ደቂቃ ጨረሱ፣ ተጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

ሻይ ላይ አስተርጓሚው ልጅ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ቲቸር፣ ዋናውን እኮ እየነገሯችሁ ነበር" አለኝ። ላይኛው አካባቢ ዝናብ ከቀረ ከብቱ ሁሉ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ በሄክታር ሲለካ ትንሽ የሆነችው ያቺ ዳርቻ ናት በበጋ ሁሉንም የምታተርፈው። በድርቅ ጊዜ ሌሎች ጎሳዎችም እዛ የመግባት መብት ስላላቸው እሳቸው ብቻቸውን ሊፈርሙ አይችሉም። እኛ ደግሞ ማን ይፈርማል ብለን እንኳን አልጠየቅንም!

በጣም ያናደደኝ ይሄንን ባለፈው ሳምንት ራሴ በስላይድ አስተምሬው ነበር። የአዋሽ ሸለቆ ባለስልጣን በ1954 ከተቋቋመ በኋላ ጥጥና አገዳው የወንዙን ዳር ሲይዝ አፋሮቹ የበጋ ግጦሻቸውን አጡ ብዬ። ስላይድ ላይ አውቀዋለሁ፣ ሰው አፍ ላይ ሲመጣ ግን "ሰዓት የለንም"።

አሁን ሰዓት አልገድብም፣ ሙሉ ቀን ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ወረቀት የለም፣ ላፕቶፕ የለም፣ ከዛ ተማሪው የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መልሶ ይናገራል፣ ማርኩም ለእሱ ነው። ለተፈረመ ስምምነት ማርክ አልሰጥም። ዲፓርትመንቱ "የሚለካ ውጤት አቅርብ" ይላል፣ ፎርሙን እንደፈለጉት እሞላዋለሁ፣ ክፍል ውስጥ ግን ሳይፈርም የወጣ ቡድን ኤ ያገኛል። "ዘላን" የሚለውን ቃል ህገ መንግስቱ ውስጥ ስላለ ብቻ ሰው ፊት እንዳትጠቀሙት፣ አርብቶ አደር በሉ።

አስተርጓሚውን ልጅ ደግሞ ፈቃደኛ መሆኑን ሳልጠይቀው ነው የመደብኩት። የአባቱን እኩያ "ሰዓት የለንም" ብሎ ያስተረጎመው እሱ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ "ችግር የለም ቲቸር" አለኝ፣ ግን በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርሴን አልወሰደም።

የትራንስፖርቱን ብር ፋይናንስ እስካሁን አልመለሰልኝም።